የመስከረም የእጅ ሥራ፦ ሀሳቡ ከየት ይምጣ?

ሰላም እህቴ። «ወቅቱን የሚመስል የእጅ ሥራ መሥራት አማረኝ፤ ስፈልግ ግን የሚመጣልኝ ቀይ ቅጠልና ዱባ ብቻ ነው፤ እናንተ ሀሳብ ከየት ታመጣላችሁ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ፒያሳ ነው የምኖረው፣ ዳንቴልና ጥልፍ እሠራለሁ። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ዱባውንና ቅጠሉን ተያቸው። ያምራሉ፣ ግን የፈረንጅ አገር ናቸው። እዚያ ከመስከረም በኋላ ቀኑ እያጠረ ሲሄድ የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም ይፈርሳል። ሥር ተሸፍኖ የኖረው ቢጫ ያኔ ይወጣል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ቀኗና ሌሊቷ ያን ያህል አይበላለጥም። የእኛ መስከረም ደግሞ ሁሉም ነገር የሚያብብበት ነው። በእንቁጣጣሽ ሰሞን እንግዳ ሆነሽ ሄደሽ የረገፈ ቅጠል የተጠለፈበት ትራስ ብታዪ ምን ትያለሽ? እኔ ግራ ይገባኛል።

እኔ ከወቅቱ የምወስደው ቀለሙን ነው። በበዓሉ ዋዜማ አራዳ ጊዮርጊስ ወይ አራት ኪሎ ውጪ። ቄጤማና አደይ አበባ መንገድ ዳር ይሸጣል። አንድ እስር ገዝተሽ ቤት አስገቢና ደህና አድርገሽ እዪው። ብዙ ሰው አደይ ሲባል አንድ ቢጫ ክር ይገዛና ይጠልፋል፤ ከዚያ አበባው ድፍን ይልበታል። መሃሉ እኮ ከዳሩ ይደምቃል። ስለዚህ ሁለት ቢጫ ያስፈልግሻል፤ ጠቆር ያለው ወደ መሃል፣ ፈዘዝ ያለው ወደ ዳር። ለግንዱም የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ አትግዢ። መርካቶ ክር ልትገዢ ስትሄጂ አበባውን ይዘሽ ሂጂ፤ ክሩንም ከሱቁ አውጥተሽ በፀሐይ አስተያዪው። የሱቅ መብራት ይሸውዳል። ባለሱቁ ሊነጫነጭ ይችላል፣ ይነጫነጭ።

አበባውን ራሱን ማቆየት ከፈለግሽ ጤዛው ከደረቀ በኋላ በጋዜጣ መሃል አድርገሽ ከባድ መጽሐፍ ጫኚበት። ጋዜጣውን በየጊዜው ቀይሪ፣ አለዚያ ይሻግታል። ለፖስት ካርድ ጥሩ ይሆናል። ልጆች ለእንቁጣጣሽ ሥለው ከሚያዞሩት ሥዕል ጋር አብሮ ሲሰጥ ደግሞ ደስ ይላል።

ሁለተኛው ምንጬ ስፌት ነው። ስድስት ኪሎ፣ የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ሙዚየም ገብተሽ ታውቂያለሽ? ዕቃው የተደረደረው በሰው ልጅ ዕድሜ ነው፣ ከልደት እስከ ሞት። ስለዚህ አንድ ዕቃ መቼና ለምን እንደተሠራ ይገባሻል። እኔ ግን የምሄደው ለስፌቱ ነው። ሰፌድና ዳንቴል ሁለቱም ከመሃል ተነስተው እየዞሩ ነው የሚሰፉት። የአለላው ቅርጽ ስንት ጊዜ እንደሚደገም ቆጥረሽ በወረቀት ካሰፈርሽ ለኪሮሽ ንድፍ አገኘሽ ማለት ነው። ዙሩ እኩል እንዲካፈልልሽ ብቻ ተጠንቀቂ። ፎቶ ማንሳት ይፈቀድ እንደሆነ መጀመሪያ በር ላይ ጠይቂ።

ክር ራስሽ መንከር ካማረሽ የሽንኩርት ልጣጭ ቀቅለሽ ነጭ የጥጥ ክር ክተቺበት፤ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቢጫ ይሰጥሻል። እርድ የበለጠ ይደምቃል፣ ፀሐይ ግን ቶሎ ያነጣዋል። ለመጋረጃ አይሆንም።

ጥቅምት ሲገባ እኔ ጥልፉን አስቀምጬ ወደ ሹራብ እዞራለሁ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ነገር አይደለም፤ የፒያሳ ማለዳ ጣት ያደነዝዛል። ያን ጊዜ ከከተማ ወጣ ብለሽ ወደ ሱሉልታ ብትሄጂ ማሳው ከአረንጓዴ ወደ ወርቃማ ሲዞር ታገኚዋለሽ። የአንገት ልብስ ስሠራ ቀለሙን ከዚያ ነው የማመጣው፤ ከታች አረንጓዴ፣ ወደ ላይ እየነጣ የሚሄድ።

ለሽያጭ የምታስቢ ከሆነ ግን መስከረም ላይ አትጀምሪ። ሰው የበዓል ስጦታ የሚገዛው ጳጉሜ ላይ ነው፣ የጠረጴዛ ልብስ ደግሞ እጅ ይፈጃል። ዘንድሮ ፎቶና ክር ሰብስቢ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ሥራ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቤት ሲያስቀምጥሽ ጀምሪው። ለዘንድሮ ከቸኮልሽ ትንሽ ነገር ያዢ፤ የስኒ ማስቀመጫ ወይም የረከቦት ዳርቻ ይበቃል።