ሞዱለሱ ሲወድቅ መጀመሪያ ክፍተቱን ይጠርጥሩ

ጤና ይስጥልኝ። በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚጠጥር አክሪሌት ሬዚን በሪዮሜትር (ናሙናውን በዲስክና በመስታወት መካከል ይዞ ዲስኩን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ በሚለካ መሣሪያ) ሦስት ጊዜ ለክተው ሦስት የተለያየ የመርጊያ ጊዜ (ፈሳሹ የሚረጋበት ጊዜ) አግኝተዋል፤ ሞዱለሱም (የሬዚኑ የግትርነት መለኪያ) ሽቅብ ከተወነጨፈ በኋላ ብርሃኑ ሳይጠፋ ቁልቁል ወርዶብዎታል። «ሬዚኑ ተበላሽቶብኝ ይሆን?» ብለው ጠይቀዋል። እንደኔ ግምት ሬዚኑ ምንም አልሆነም። ይህን ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን እኔም በተመሳሳይ ጥርጣሬ ሁለት ጣሳ ደህና ሬዚን ጥያለሁ፤ ጥፋቱ ግን የጣሳው ሳይሆን የእኔ አለካክ ነበር።

ከቁልቁለቱ ልጀምር። አክሪሌት ሲጠጥር ይኮማተራል፤ ተራርቀው የነበሩት ሞለኪውሎች በኬሚካላዊ ትስስር ሲያያዙ ይቀራረባሉና። ሬዚኑ ከላይ ዲስኩን፣ ከታች መስታወቱን ይዞ ስለሚረጋ ወደ ጎን መሰብሰብ አይችልም፤ የሚሰበሰበው በውፍረቱ ብቻ ነው። በዲስኩና በመስታወቱ መካከል ያለው ክፍተትዎ 100 ማይክሮ ሜትር ቢሆንና ሬዚኑ ከረጋ በኋላ 8 በመቶ ቢኮማተር፣ ዲስኩ 8 ማይክሮ ሜትር ወደ ታች መውረድ ይኖርበታል። ክፍተቱ ተቆልፎ ከሆነ ግን ሬዚኑ ይጎትታል፣ መሣሪያው አልወርድም ይላል፣ በመጨረሻም ደካማው ወገን ይለቃል። ብዙ ጊዜ የሚለቀው ሬዚኑ ከዲስኩ ጋር የተያያዘበት ገጽ ነው። በግራፉ ላይ ሞዱለሱ የወደቀ ይመስላል፤ የቀነሰው ግን ዲስኩ አሁንም ጨብጦት ያለው የሬዚን ስፋት ነው።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። በዚያው የመለኪያ ፋይል ውስጥ ዲስኩ ላይ የሚያርፈው የቁም ኃይል ተመዝግቦ ያገኙታል። ብርሃኑ ከበራ በኋላ ኃይሉ ወደ አሉታዊው ወገን እየሰመጠ ሄዶ፣ ሞዱለሱ በወደቀባት ቅጽበት ብድግ ብሎ ወደ ዜሮ ከተመለሰ ነገሩ አለቀ፤ ዲስኩ ለቋል። እኔ ይህን ያወቅኩት ከቁጥር ሳይሆን ከመስታወቱ ነው። ናሙናውን ከሥር በእጅ ባትሪ ሳየው በአንድ ጎኑ ብርማ ጨረቃ የመሰለ ማጭድ ቅርጽ አየሁ፤ አየር የገባበት ነበር። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ናሙና ሳልነቅል በፊት ከሥር ማየት ልማዴ ሆኗል።

መፍትሔው ክፍተቱን መቆለፍ ትቶ የቁም ኃይሉን ዜሮ ላይ እንዲጠብቅ መሣሪያውን ማዘዝ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለው፤ ሬዚኑ ገና ፈሳሽ ሳለ ይህን ካዘዙት ዲስኩ የሚደገፍበት ነገር አጥቶ ሲዋዥቅ ይቆያል። ስለዚህ መለኪያውን ለሁለት ይክፈሉት፤ በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ያለ ብርሃን ክፍተቱ ይቆለፍ፣ ብርሃኑ ሲበራ ወደ ኃይል ጥበቃ ይዙር። ያ የጨለማ ጊዜ ለሌላም ይጠቅማል፤ ብርሃኑ የበራበት ሰከንድ በግራፉ ላይ በግልጽ ይታያል፣ ሬዚኑም ሲጫን ከደረሰበት መገፋት ያርፋል።

ወደ ሦስቱ የተለያዩ ጊዜያት ልምጣ። ብርሃኑን የለኩት የት ላይ ነው? በመብራቱ ሳጥን ላይ የሚታየውን መቶኛ ካመኑ ተሳስተዋል። የሜርኩሪ አምፖል በአገልግሎት ብዛት ይደክማል፣ የብርሃን ማስተላለፊያው ገመድ ትንሽ ከተጣመመ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ መስታወቱ ላይ የቀረ ስስ የሬዚን ቆዳም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ዲስኩን አንሥተው የብርሃን መለኪያውን ናሙናው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ያስቀምጡ፤ ከመሐል ብቻ ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር ይለኩ። መለኪያው የተስተካከለው ለየትኛው የሞገድ ርዝመት እንደሆነም ይመልከቱ፤ ለሜርኩሪ አምፖል የተስተካከለው የ405 ናኖ ሜትር ኤልኢዲን በትክክል አያነብም።

በዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ነገር አለ። በካሬ ሴንቲ ሜትር 50 ሚሊ ዋት የሆነ ብርሃን ለ10 ሰከንድ ቢበራ 500 ሚሊ ጁል ይሰጣል፤ 200 ሚሊ ዋት ለ2.5 ሰከንድም ያንኑ ይሰጣል። ውጤቱ ግን አንድ አይደለም። በአክሪሌት ውስጥ የሞለኪውሎቹን ሰንሰለት የሚያሳድጉት ራዲካሎች (ብርሃኑ የሚፈጥራቸው ንቁ ቅንጣቶች) እርስ በርስ ሲገናኙ ይጠፋሉ፤ ብርሃን ሲበዛ ራዲካል ይበዛል፣ ራዲካል ሲበዛ መጠፋፋቱም ይበዛል። በንድፈ ሐሳቡ ፍጥነቱ የሚያድገው በብርሃኑ ስኩዌር ሩት ነው፤ ብርሃኑን 4 እጥፍ ቢያደርጉት ፍጥነቱ 2 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የሁለት ቀን ውጤቶችን በጠቅላላ ጁል ብቻ አያወዳድሩ።

በመልእክትዎ የውዝዋዜው ድግግሞሽ 1 ኸርዝ፣ የዲስኩ ዲያሜትር 20 ሚሊ ሜትር ነው ብለዋል። ሁለቱም አልተስማሙኝም። በ1 ኸርዝ አንድ ሙሉ ውዝዋዜ 1 ሰከንድ ይፈጃል፤ ሬዚንዎ በ2 ሰከንድ የሚረጋ ከሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያገኙት ሁለት ነጥብ ነው። በሁለት ነጥብ የመርጊያ ጊዜ ማንበብ ጥንቆላ ነው። ወደ 10 ኸርዝ ይውጡ፤ በዚያ ድግግሞሽ ፈሳሹ ቀጭን ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች በሞተሩ ኢነርሺያ እንደሚረበሹ ብቻ ይወቁ። ያም ካልበቃ ብርሃኑን ያደብዝዙት።

ዲስኩ ደግሞ የከፋ ነው። የናሙናው ግትርነት ከዲስኩ ራዲየስ አራተኛ ኃይል ጋር ያድጋል። ራዲየሱ 10 ሚሊ ሜትር፣ ክፍተቱ 0.1 ሚሊ ሜትር፣ የጠጠረው ሬዚን ሞዱለስ 10 ሜጋ ፓስካል ቢሆን፣ ናሙናውን በአንድ ራዲያን ለመጠምዘዝ 1,570 ኒውተን ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። ብዙ ሪዮሜትሮች ራሳቸው ከዚህ የላሉ ናቸው። ሞተሩ ሲዞር የሚጠመዘዘው ሬዚኑ ሳይሆን የመሣሪያው ዘንግ ነው፤ እርስዎም የዘንጉን ሞዱለስ ለክተው ሬዚን ብለው ይጽፋሉ። ሁሉም ናሙናዎች አንድ ዓይነት ጣሪያ ላይ ከቆሙ ይህንን ይጠርጥሩ። 8 ሚሊ ሜትር ዲስክ ቢወስዱ ግትርነቱ 39 ጊዜ ይቀንሳል። ኪሳራው ፈሳሹ ሳለ የሚሰጠው ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) ማነሱ ነው፤ ቀጭን ሬዚን ከሆነ የመጀመሪያው መስመር ይንቀጠቀጣል። እኔ ይህንን ኪሳራ እቀበላለሁ። የውዝዋዜውንም ስፋት ሬዚኑ ሲጠጥር ይቀንሱት፤ ለፈሳሹ ተገቢ የነበረው ስፋት ጠጣሩን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ስለ ዳር ካነሣን፣ ቶርኩ የሚመጣው በአብዛኛው ከጠርዙ ነው። የራዲየሱ ውጫዊ 10 በመቶ ብቻውን ከጠቅላላው ግትርነት 34 በመቶውን ይሸከማል። ለአየር የተጋለጠው ደግሞ ያው ጠርዝ ነው፤ ኦክስጅን ራዲካሎችን ስለሚያጠፋ ዳሩ ተጣባቂ ሆኖ ይቀራል። አንዱን ናሙና አብዝተው ሌላውን አሳንሰው ከሞሉ ውጤቱ የሚለያየው በዚህ ነው። በዙሪያው ናይትሮጅን ቢያፈሱ ጥሩ፤ ካልሆነም የሚጭኑትን መጠን በፒፔት ይቁጠሩት። ደግሞም ሬዚኑ በስስ ተቀብቶ አየር ላይ የሚጠጥር ከሆነ፣ በሁለት ገጽ መካከል ተሸጉጦ ያሳየው ፍጥነት ከእውነተኛው የተሻለ መስሎ እንደሚታይ አይርሱ።

የመርጊያውን ነጥብ አስቀማጩና አባካኙ ሞዱለስ (የጠጣርነቱና የፈሳሽነቱ መለኪያዎች) የሚገናኙበት ቦታ ብለው ወስደዋል። ለዕለት ተዕለት ማወዳደሪያ ይበቃል፤ ሆኖም መገናኛው ከድግግሞሹ ጋር ይንሸራተታል። ተመራማሪዎቹ ዊንተርና ሻምቦን በ1986 እንዳሳዩት፣ በእውነተኛው ነጥብ ላይ የሁለቱ ሬሾ በድግግሞሽ አይለወጥም። ይህን ለማየት ብርሃኑን በአጭር በአጭሩ እያበሩና እያጠፉ፣ በየመካከሉ በተለያየ ድግግሞሽ ይለኩ። በአክሪሌት ይሠራል፤ ብርሃኑ ሲጠፋ ምላሹ ብዙም ስለማይቀጥል። በራዲካል ሳይሆን በካታዮን (አዎንታዊ አዮን) የሚጠጥር ኤፖክሲ ከሆነ አይሞክሩት፤ እሱ በጨለማም ይቀጥላል፣ እርስዎ ሲለኩ እሱ ይጠጥራል።

በመጨረሻ የሚጣል የአሉሚኒየም ዲስክ ይግዙ። የጠጠረ ሬዚን ከኳርትዝ ላይ በምላጭ ለመፈንቀል ሞክሬ መስታወቱን ለሁለት የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን አሴቶን ውስጥ ዘፍዝፌ አሳድረዋለሁ። ናሙናውንም በቢጫ መብራት ሥር ይጫኑ፤ የመስኮት ብርሃን ብቻውን ሬዚኑን ሊያስጀምረው ይችላል።

የቁም ኃይሉን መዝገብ ካወጡ እዚሁ ይለጥፉት፤ አብረን እናየዋለን።