«ግማሽ ወንድም» እንበል ወይስ «በእናት ወንድም»?

ጥያቄ፦ የጂም በቸርን የድሬስደን ፋይልስ ልብ ወለዶች ለእህቴ ወደ አማርኛ እየመለስኩላት ነው። ቺካጎ ውስጥ ከጭራቆች ጋር የሚታገለው ጠንቋዩ ሃሪ፣ ቫምፓየሩ ቶማስ ወንድሙ እንደሆነ ስድስተኛው መጽሐፍ ላይ ያውቃል። እናታቸው አንድ ናት፣ አባታቸው ይለያያል። እኔ «ግማሽ ወንድም» አልኩ፤ እህቴ «የእንጀራ ወንድም በለው» አለችኝ። የቱ ይሻላል? ቶማስንስ «ደም መጣጭ» ልበለው?

መልስ፦ ሁለቱንም ተዋቸው። «የእንጀራ» የምንለው ዝምድናው በጋብቻ ብቻ ሲመጣ ነው። የእንጀራ አባትህ ከሌላ ሴት የወለደው ልጅ የእንጀራ ወንድምህ ነው፤ ደም አያገናኛችሁም። ሃሪና ቶማስ ግን የአንድ ማህፀን ልጆች ናቸው።

«ግማሽ ወንድም» ቢሉት ይገባል፣ ግን አማርኛ ወንድምን አይከፍልም። የሚነግረን በማን በኩል እንደሚገናኙ ነው፦ «በእናት ወንድሜ ነው»፣ «በእናት አንድ ነን፣ በአባት እንለያያለን»። እዚህ ታሪክ ላይ ደግሞ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የሃሪ እናት የሞተችው እሱን ስትወልድ ነው፤ አባቱም በልጅነቱ ነው የሞተበት፤ እና የሥጋ ዘመድ የለኝም ብሎ ያደገ ሰው ድንገት በዚያችው በማያውቃት እናቱ በኩል ወንድም ሲያገኝ «ግማሽ» ካልከው፣ ያገኘውን መልሰህ ትቀንስበታለህ።

«የእናቴ ልጅ» የሚለውንም ዝም ብለህ አትበትነው። ዛሬ በአባትም የሚገናኘንን ወንድም፣ አንዳንዴም የልብ ጓደኛን በፍቅር የምንጠራበት ስለሆነ መረጃውን ብቻውን አይሸከምም። አንዱ ለሌላው ሕይወቱን የሚሰጥበት ቦታ ላይ አምጣው፣ ያን ጊዜ ይከብዳል።

በጣም የምወደው ልዩነት ግን በ«ወንድምነት» እና በ«ወንድማማችነት» መካከል ያለው ነው። ወንድምነት በአንድ ወገን ብቻ ሊኖር ይችላል። ወንድማማችነት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ድግግሞሹ ራሱ «እርስ በርስ» ይላል። ቶማስ ከሃሪ በፊት እውነቱን ያውቅ ነበር፣ ሳይናገር ይረዳውም ነበር። ያ ወንድምነት ነው። ወንድማማችነቱ የሚጀምረው ሃሪ ካወቀ በኋላ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው ከዚያ ስድስተኛ መጽሐፍ በፊት «ወንድማማች» የሚል ቃል ካስገባህ ምስጢሩን አስቀድመህ አወጣኸው ማለት ነው።

«ደም መጣጭ»ን ለሌሎቹ አቆየው። በዚያው ተከታታይ ደም የሚጠጡ ቫምፓየሮች አሉ፣ የቶማስ ዘመዶች ግን የሚመገቡት የሰውን ስሜትና የሕይወት ኃይል ነው። «ጭራቅ»ም አይሆነውም፤ በተረታችን ጭራቅ ሰውን ሥጋውን የሚበላ ነው። አማርኛ ሳይነክሱ መብላትን ያውቃል፣ «ቡዳ በላው» እንላለንና «በላ» የሚለውን ግስ ተጠቀምበት። «ቡዳ» የሚለውን ስም ግን በፍጹም አትውሰድ። ያ ቃል ቀጥቃጮችን፣ ሸክላ ሠሪዎችንና ቤተ እስራኤልን ለማግለል የዋለ ቃል ነው፤ በእውነተኛ ሰዎች ላይ የተለጠፈን ስድብ ለምናብ ፍጡር መስጠት ስድቡን ያድሰዋል። «ቫምፓየር» ብለህ እለፍ፤ አንባቢ ያውቀዋል።

ሳትጠይቀኝ አንድ ልጨምር። ቶማስ ታላቅ ነው፣ ግን ሃሪ «ጋሼ» አይበለው። «ጋሼ» ወይም «ወንድም ጋሼ» አብረኸው ላደግከው፣ በዕድሜም ራቅ ላለ ታላቅ ነው የሚስማማው፤ አንዳንድ ቤት ደግሞ አንቱታውንም ይዞ ይመጣል። እነዚህ ግን ጎልማሳ ሆነው ነው የተዋወቁት፣ ሲያወሩም እየተበሻሸቁ ነው። «አንተ» ይባባሉ።