ስምንት ዓመት ቅየሳ ባከነ ወይ?

«ቅየሳ ተምሬ ስምንት ዓመት መሬት ቢሮ ሠራሁ። አሁን 34 ዓመቴ ነው። ጣውላ ንግድ ልግባ ብል ጓደኞቼ ቀድመውኛል፤ ወደፊት ምክር ቤት የመወዳደር ሐሳብም አለኝ። ረፈደብኝ ወይ?» ብለህ ጽፈህልኛል።

አልረፈደም ወንድሜ። ሄንሪ ክሬፖ የሚባል አሜሪካዊ ታሪክ ልንገርህ።

እ.ኤ.አ. በ1804 ማሳቹሴትስ የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው። ቤታቸው መዝገበ ቃላት ስላልነበረ ያልገባውን ቃል እየመዘገበ፣ ትርጉሙን እየጠየቀ የራሱን አዘጋጀ። ቅየሳ ሲጀምር ደግሞ ኮምፓስ መግዣ አጣ፤ አንጥረኛ ቤት ገብቶ በእጁ ሠራው። ከዚያ ኒው ቤድፎርድ ከተማ 15 ዓመት ያህል ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ግብር ሰብሳቢ ሆነ። መዝገብ፣ ደረሰኝ፣ የማያልቅ የሒሳብ ሥራ። አንተም እንደሰለቸህ ነግረኸኛል። ለእኔ ግን ትልቁ ትምህርት ቤቱ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም በኋላ ሚሺጋን ውስጥ ሰፊ የጥድ ደን ገዝቶ፣ ሃምሳን ካለፈ በኋላ ቤተሰቡን ይዞ እዚያው ፍሊንት ከተማ ገብቶ የእንጨት መሰንጠቂያ ሲመራ፣ መሬት መለካትም ሒሳብ መያዝም ከማንም አልተበደረም። ጣውላውን ገበያ ማድረስ ሲቸግረው ከፍሊንት እስከ ሆሊ የባቡር ሐዲድ አዘረጋ።

በ1860 የፍሊንት ከንቲባ፣ ቀጥሎ የግዛቱ ሴናተር፣ ከ1865 እስከ 1869 ደግሞ የሚሺጋን አገረ ገዥ ሆነ። አገረ ገዥነቱን ሲይዝ 60 ዓመቱ ነበር።

እኔን በጣም የሚነካኝ ግን አገረ ገዥ ሳለ ያደረገው ነው። ከተሞች ተበድረው የባቡር ኩባንያዎችን እንዲደግፉ የሚፈቅዱ ሕጎች ሲቀርቡለት፣ ራሱ ባቡር ያለው ሰው ሆኖ ሳለ አልፈርምም አለ። ዕዳው ነዋሪውን ይጎዳል ብሎ ነው። ዓመታት ግብር የሰበሰበ ሰው የከተማ ዕዳ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ያውቃላ!

አንድ ነገር ግን ከዚያ ዘመን አትውሰድ። ነጋዴዎቹ የሚሺጋንን ነጭ ጥድ ጨፍጭፈው በጥቂት አሥርተ ዓመታት ጨረሱት። አንተ ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ከሚተክሉ ገበሬዎች ጀምር፤ ማሳቸውን ለክተህ ስንት ግንድ እንደሚወጣው መገመት ትችላለህ፣ ይህን ደግሞ አብዛኛው ጣውላ ነጋዴ አይችልም።

ሥራህን ገና አትልቀቅ። ለሦስት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ መሰንጠቂያ ቤት ሂድና ግንዱ በስንት እንደሚገባ፣ ስንቱ ቁርጥራጭ ሆኖ እንደሚቀር፣ ማጓጓዣው ስንት እንደሚበላ በደብተር ያዝ። ከዚያ ሒሳቡን ላክልኝና አብረን እናየዋለን።