ሐረጎን ስትወጣ የምትሞቅ መኪና

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ደሴ ሲሆን ለሥራ በየቀኑ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። መኪናዬ ብዙ ዘመን ያገለገለች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሜዳ ላይ ምንም አትልም፤ ማታ ከኮምቦልቻ ስመለስ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ግን የሙቀት መለኪያው ከፍ ይላል፤ በየሳምንቱም ውሃ እጨምራለሁ። መካኒኬ «ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን ዕቃ) አውጥተን እንጣለው» ብሎኛል። ልስማማ? ኮፈኑን ከፍቼ ራሴ ልመለከተው የሚገባኝስ ምንድን ነው?
ከደሴ አንባቢ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ምርመራዎን ከራዲያተሩ ክዳን እንዲጀምሩ እመክርዎታለሁ፤ እርስዎ በሚኖሩበት ከፍታ እንደ እሱ የሚናቅና ሲበላሽም እንደ እሱ የሚጎዳ ትንሽ ዕቃ የለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ክፍት ድስት ውስጥ የተጣደ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል፤ ጤነኛ ሞተር ደግሞ የሚሠራው ወደ 90 ዲግሪ ተጠግቶ ነው። ይህን ጠባብ ልዩነት የሚያሰፋው ክዳኑ ነው። በላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር የሚይዘውን ግፊት ያመለክታል፤ ግፊቱ በትክክል ከተያዘ ውሃው 110 ዲግሪ ደርሶ እንኳ አይፈላም። ጎማው የተሰነጠቀ ወይም ሞላው የደከመ ክዳን ግን ግፊቱን ስለሚለቀው፣ ከኮምቦልቻ ተነስተው ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ በሚወጡበት በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ውሃው ፈልቶ ይወጣል። ክዳኑን የሚከፍቱት ጠዋት፣ ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘ ጊዜ ብቻ ይሁን፤ በትኩሱ ሲከፈት የሚወጣው እንፋሎት ፊትንና ዓይንን ያቃጥላል፤ እባክዎ በዚህ ነገር አይቸኩሉ።

በየሳምንቱ ውሃ መጨመርዎን እንደ ተራ ልማድ አይውሰዱት፤ ጤነኛ መኪና ያን ያህል ውሃ አትጨርስም። ማኒኮቶዎቹን (የውሃውን የጎማ ቱቦዎች) ጫን ጫን አድርገው ይፈትሹ፤ ፋሸታው (የቱቦው ማጥበቂያ ቀለበት) አጠገብ ያበጠ ወይም ከልክ በላይ የለሰለሰ ካለ ይቀየር። የውሃ ፖምፓው ሥር የደረቀ የውሃ ምልክት መኖሩን ይመልከቱ። ከዚያም የሞተር ዘይት መጨመሪያውን ክዳን ከፍተው ውስጡን ይዩ፤ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከተገኘ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ የላይኛው ክፍልና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሳይቃጠል አልቀረምና መኪናዋን ወደ ጋራዥ ያስጎትቱ እንጂ አይንዱ። በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የተጠቀጠቀውን አቧራ ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ በሚፈስ ለስላሳ ውሃ ማጠብም ይጠቅማል። «ኩላንት ለብርድ አገር ነው» የሚባለውን አይቀበሉ፤ ከራዲያተሩ ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ይህ ፈሳሽ የውሃውን መፍያ ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትንም ይከላከላል።

የዘይቱን መጠን በየሳምንቱ፣ የቺንጋውን (የሞተሩን ቀበቶ) መሰንጠቅና መላላት፣ እንዲሁም የባትሪውን ማያያዣዎች በየወሩ ማየት ይበቃል። የፍሬን ዘይቱ ግን ለእርስዎ መንገድ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሲያረጅ በረጅም ቁልቁለት ላይ ፈልቶ ፍሬኑን ሊያላላው ይችላል። መጠኑ ከታችኛው ምልክት በታች ከወረደ የፍሬን ሸራው አልቋል ወይም የሚፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ባይጎድልም እንኳ በየሁለት ዓመቱ ያስለውጡት።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይደለም። ያለ እሱ ሞተሩ በደሴ የጠዋት ብርድ በወጉ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ነዳጅ ያባክናል፣ ቶሎም ያልቃል፤ በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ እንዲዞር መንገድ ስለሚከፍት ሙቀቱን ያባብሰዋል። መካኒክዎ ከጠረጠረው አውጥቶ ድስት ውስጥ በውሃ ይጣደው፤ 82 የተጻፈበት ከሆነ ውሃው ከመፍላቱ በፊት መከፈት መጀመር አለበት። ደሴ ላይ ውሃው ቀድሞ ስለሚፈላ እስከ መጨረሻው ባይከፈት ተበላሽቷል ብላችሁ አትፍረዱበት፤ ጭራሹን ካልተንቀሳቀሰ ግን በዚያው ቁጥር በአዲስ ይተካ።