«ዘመዳሞች ናቸው፣ ይገጥማል» ለሚሉሽ

እንደጻፍሽልኝ፣ ገላን ያለ የከባድ መኪና ጋራዥ ውስጥ ነው የምትሠሪው። አውቶሞቲቭ ደረጃ 4 ጨርሰሻል። ሞተር ሲቀየር የትኛው እቃ ለየትኛው እንደሚሆን ማጣራት ደስ ይልሻል፤ ዋናው መካኒክ ግን «ይሄ የወረቀት ሥራ ነው፣ ቁልፍ ያዢ» ይልሻል። አባትሽ የደመወዝሽን ግማሽ ለቤት ይቀበላሉ፤ ጋራዡን ትተሽ አካውንቲንግ ተማሪም ይሉሻል። ደመወዙም አልበቃሽም። ምን ይሻለኛል ነው ጥያቄሽ።

ከመካኒኩ ልጀምር፤ አናዶኛል።

ብዙ ዓመት እቃ ክፍል ነው የሠራሁት። «ዘመዳሞች ናቸው፣ ይገጥማል» ተብሎ የቆመ መኪና አይቼ ጠግቤያለሁ። ሲኖትራክን እንይ። ባለ 336 እና ባለ 371 ፈረስ ጉልበቱ የአንድ የሞተር ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ደብልዩ ዲ 615። 9.7 ሊትር፣ የሲሊንደሩ ስፋት 126 ሚሊ ሜትር፣ ስትሮኩ፣ ማለትም ፒስተኑ የሚሄደው ርቀት፣ 130። ብዙ ነገር ይዋዋሳሉ። ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) እና የነዳጅ ፖምፓ ላይ ስትደርሺ ግን ቁጥሩን ሳታዪ አትዘዢ። ወደ 618 ከሄድሽ ስፋቱ ያው 126 ነው፣ ስትሮኩ ግን 155። ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ሌላ ነው ማለት ነው። አይሱዙም እንደዚያው፤ 4ኤችጂ1 እና 4ኤችኬ1 የሚባሉት ሞተሮቹ ስፋታቸው እኩል 115፣ ስትሮካቸው 110 እና 125። የመጣው ሞተር ኮመን ሬይል፣ ማለትም ነዳጁን ኮምፒውተር የሚያዝለት፣ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩና ገመዱ አብሮ ካልመጣ ተገጥሞም አይነሳም።

ስለዚህ ክዳን ላይ የተለጠፈውን ስም ተዪው፣ ብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር አንብቢ። የአሮጌውን እቃ ቁጥር ገልብጪ። ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ለኪ። የቮላኖውን (የኮሎው ጫፍ ላይ የሚታሰረውን ከባድ ጎማ) ጥርስ ቁጠሪ፣ የሞተሪኖውንም (የማስነሻ ሞተሩን)። ሁለቱን የዘይት ቋቶች ጎን ለጎን አስቀምጪና ሆዳቸው፣ ጥልቁ ክፍል፣ ወደ ፊት ይሁን ወደ ኋላ እይ፤ የፊት አክስል ላይ የሚያርፍ ሞተር ገጥሞኛል። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ እንዳለም ለባለንብረቱ አስታውሺው፤ ብዙዎቹ ትዝ የሚላቸው መኪናውን ሊሸጡ ሲሉ ነው።

ይሄን የወረቀት ሥራ የሚል ሰው የሚባክነው ብር የራሱ አይደለም። ሶማሌ ተራ የገዛሽውን እቃ ቅባት ካስነካሽው በኋላ ልመልስ ብትዪ ማን ይሰማሻል? ብቻ ቁልፉንም አትጣዪው። ሞተር ፈትቶ የማያውቅ የእቃ ክፍል ሰው ለማንም አይረባም።

አባትሽን በአክብሮት እቃወማለሁ። ሥራውን ንቀው ደመወዙን መቀበል አይሆንም። ለጥቂት ወራት የሚሰጣቸው ይቀንስ፤ አንድ ጥሩ ካሊፐር ግዢበት፣ እንግሊዝኛሽንም አጠንክሪበት፤ ካታሎግ ያለሱ አይነበብም።

ደመወዙን በተመለከተ፣ የገጠመውንና ያልገጠመውን ከነቁጥሩ በደብተር መዝግቢ። ደብተሩ ሲሞላ ይዘሽው ቃሊቲ ያሉ የትራንስፖርት ድርጅቶችና መለዋወጫ አስመጪዎች ጋ ሂጂ፤ እቃ ክፍል ነው የምፈልገው በያቸው።

አካውንቲንጉ ማታ ማታ ይደርሳል። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናውን) ካልተፈተንሽ ግን መጀመሪያ እሱን ጨርሺ።