ሮታሪ ሞተር ባስገባ ቤንዚን ይቆጥብልኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአዘዞ ፒያሳ በአሮጌ መኪናዬ ሰው አመላልሳለሁ። ዳገቱን ስይዝ ቤንዚኑን ትጠጣዋለች። አንድ ወዳጄ «ሮታሪ ሞተር አስገባባት፣ ቆጣቢ ነው» ቢለኝ ልቤ ሸፈተ። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ተው ወንድሜ፣ ገንዘብህን አታፍስስ። ሮታሪ ቀላል መሆኑ እውነት ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች በሚመላለስ ፒስተን ፈንታ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው የሚሽከረከረው። ግን ቤንዚኑ የሚነድበት ክፍል ረጅምና ጠፍጣፋ ስለሆነ ሙቀቱ በግድግዳው ይባክናል፣ ከፊሉም ሳይነድ ከጭሱ ጋር ይወጣል።

የሚቆጥበው አትኪንሰን የሚባለው የሞተር ዓይነት ነው። የአየር ማስገቢያ ቫልቩ ዘግይቶ ስለሚዘጋ ፒስተኑ የሚጨምቀው ጥቂት ነው፣ ሲነድ ግን ረጅም መንገድ ይገፋል፤ ከዚያችው ጠብታ የበለጠ ሥራ ይወጣል ማለት ነው። በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ያጥረዋል። ለዚህም ነው ቶዮታ በ1997 እ.ኤ.አ. ፕሪየስን ሲያወጣ ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር ያጣመረው። እሱንም መኪና ስትቀይር አስበው እንጂ በአሮጌዋ ላይ አይገጠምም።

ለአሁኑ ካንዴላዋን አሳያት፣ የጎማዋን ንፋስ አስሞላ። የአየር ፊልትሮዋንም አውጣና ወደ ፀሐይ ያዘው፤ ብርሃን ካላሳለፈ ቀይረው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ እንደሆነ ስስ ነው፤ ያችኑ አየር አቧራ አይከልክላት።