የኮሌጅ ፉትቦል፦ ሚዛኑ ነው የጠፋው ወይስ ጣዕሙ?

ሰላም ለሁላችሁም። ወንድማችን ያነሳው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ የሚል ነው፦ ተጫዋቾች መከፈል ከጀመሩ ወዲህ የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል (እግር ኳስ ሳይሆን ኳሱ በእጅ የሚያዝበት የዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ) የሀብታም ትምህርት ቤቶች መፈንጫ ሆኗል፤ ፉክክሩም ጣዕሙም አልቆለታል፤ ከእንግዲህ ቁጭ ብሎ ማየቱ ምን ያደርጋል? መልሴ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የምኖረው ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ኡበር ስለምነዳ ከኦሃዮ ስቴት ስታዲየም ዙሪያ አልጠፋም። ከመቶ ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ሜዳ ነው። ሰዉ ሲሄድም ሲመለስም መኪና ውስጥ ሆኖ የሚያወራው ስለዚሁ ነው። ሥራ በሌለኝ ቅዳሜ ደግሞ ከልጄ ጋር ከቀትር ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት አያለሁ። ሕጉን ያስተማረኝ እሱ ነው። ስለዚህ የምለው ካየሁትና ከሰማሁት ተነስቼ ነው።

እኔ እንደሚታየኝ ጥያቄው ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቋል። ፉክክሩ አንድ ነገር ነው፣ ጣዕሙ ሌላ። ፉክክሩ ከላይ ባሉት ቡድኖች ዘንድ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ተሽሏል። ጣዕሙ ተጎድቷል፤ የጎዳው ግን ለልጆቹ የሚከፈለው ገንዘብ አይደለም።

ከፉክክሩ ልጀምር። ሚዛኑ ጠፋ የሚል ሰው መጀመሪያ ሚዛን የነበረበትን ዘመን ያሳየኝ። እስከ 1973 ድረስ አንድ ትምህርት ቤት ስንት የፉትቦል ተጫዋች በስኮላርሺፕ መያዝ እንደሚችል አገር አቀፍ ገደብ አልነበረም። ትልልቆቹ የሚያስፈልጋቸውን ልጅ ይወስዳሉ፤ የማያስፈልጋቸውንም ቢሆን ተቀናቃኝ እንዳይወስደው ብለው ይይዙታል። ከዚያ ገደቡ 105 ሆነ። በ1978 ወደ 95፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ወደ 85 ወረደ። ቁጥሩ በወረደ ቁጥር ሌሎቹ ትንሽ ትንሽ መተንፈስ ቻሉ። ያም ሆኖ ዋንጫው ከጥቂት ቤቶች አልወጣም።

ብዙ ሰው የሚናፍቀው የቅርቡን ጊዜ ይመስለኛል። እስቲ እሱንም እንየው። ከ2014 እስከ 2023 በነበሩት አሥር የውድድር ዘመናት ለዋንጫ የሚጫወቱት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። አላባማ ብቻውን ስምንት ጊዜ ገብቷል። ዋንጫውን አላባማ ሦስት ጊዜ፣ ክሌምሰንና ጆርጂያ ሁለት ሁለት ጊዜ ወሰዱት። የቀሩትን ሦስት ኦሃዮ ስቴት፣ ኤልኤስዩና ሚሺጋን ተካፈሉ። ግማሽ ፍጻሜዎቹም አብዛኛውን ጊዜ በሰፊ ልዩነት ነበር የሚያልቁት። በጃንዋሪ 2023 ፍጻሜው ላይ ጆርጂያ ቲሲዩን 65 ለ 7 ረታው። ፍጻሜ ነው እንግዲህ! ያኔ ተጫዋች በግልጽ መከፈል ከጀመረ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር።

ያ የበላይነት ከየት መጣ? ከተቀያሪ ወንበር ነው። አላባማ በአሰልጣኝ ኒክ ሴባን ዘመን በየዓመቱ አገሪቱ ውስጥ ያሉ ምርጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ይሰበስብ ነበር። ከነዚያ መካከል ሌላ ቦታ ቢሄዱ ከመጀመሪያው ቀን የሚሰለፉ ልጆች ነበሩ። እዚያ ግን ሁለትና ሦስት ዓመት ተራ ይጠብቃሉ። ልሂድ ካሉ ደግሞ በአዲሱ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወቱ መቀመጥ ነበረባቸው። ስለዚህ አይሄዱም። አንዱ ሲጎዳ እኩያው ይገባል፤ እሱም ሲጎዳ ሌላ አለ። ማን ይችለዋል?

2021 ይህን ቀየረው። ተጫዋቾች አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት መዛወር ተፈቀደላቸው። ከጁላይ 1 ጀምሮ ደግሞ በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ቻሉ። በ2025 የፍርድ ቤት ስምምነት ጸደቀና ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው በቀጥታ መክፈል ጀመሩ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው በአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ሀብታሞቹ ሁሉንም ጠቅልለው ሊወስዱ ነው አለ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ጎበዝ ልጅ ጠፋ። ሜዳ ገብቶ መጫወትም መከፈልም እየቻለ ለምን ይቀመጣል?

ቫንደርቢልትን ተመልከቱ። በትልቁ ሊግ በኤስኢሲ ውስጥ (እዚህ ሊጉን ኮንፈረንስ ይሉታል) ለዘመናት ሁሉም እየመጣ ነጥብ የሚለቅምበት ቡድን ነበር። ዲዬጎ ፓቪያ የሚባል ኳርተርባክ (ኳስ የሚወረውረው የማጥቃቱ መሪ) ከኒው ሜክሲኮ ስቴት ተዛውሮ መጣ። በኦክቶበር 2024 በወቅቱ አንደኛ የነበረውን አላባማን 40 ለ 35 አሸነፉት። አላባማን ሲያሸንፉ ከ1984 ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። ደጋፊው የጎል ቋሚውን ነቅሎ በናሽቪል መንገዶች ተሸክሞ ሄደና ከምበርላንድ ወንዝ ውስጥ ጣለው። ያን ቀን ስልኩ ላይ ቪዲዮውን ያላሳየኝ ተሳፋሪ የለም ማለት ይቻላል። የኦሃዮ ሰዎች ናቸው፣ ቫንደርቢልት ምናቸውም አይደለም። ግን ደስ ብሏቸው ነበር።

ኢንዲያና ደግሞ አለ። እዚህ ጎረቤታችን ስለሆነ በደንብ አውቀዋለሁ። የቅርጫት ኳስ አገር ነው። በፉትቦል ታሪክ ብዙ ከተሸነፉት ትምህርት ቤቶች ፊት መሪ ላይ የሚቀመጥ ነበር። የኦሃዮ ስቴት ደጋፊ የኢንዲያናን ጨዋታ ለሠርግና ለክርስትና የሚተወው ቅዳሜ አድርጎ ነበር የሚያየው። ከርት ሲግኔቲ ከጄምስ ማዲሰን መጥቶ አሰልጣኝ ሆነ። ከዚያው ከቀድሞ ቡድኑ ልጆች ይዞ መጣ። በመጀመሪያው ዓመት አሥራ አንድ ጨዋታ አሸነፈ። በ2025 ኳርተርባኩን ፈርናንዶ ሜንዶዛን ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አመጣና ኦሃዮ ስቴትን በኮንፈረንሱ ፍጻሜ 13 ለ 10 ረታ። በሩብ ፍጻሜው፣ ሮዝ ቦውል በሚባለው ጨዋታ፣ አላባማን 38 ለ 3 አደረገው። በፍጻሜው ማያሚን በማያሚ ሜዳ 27 ለ 21 አሸንፎ 16 ለ 0 ጨረሰ። ሜንዶዛም የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚያገኘውን የሃይስማን ሽልማት ወሰደ። የሌስተር ሲቲን የ2016 ዋንጫ የምታስታውሱ ትረዱኛላችሁ። በድሮው ሕግ ይህ ቡድን ሊሠራ አይችልም ነበር። ከተዛወሩት ልጆች ብዙዎቹ ወይ አንድ ዓመት ይቀመጣሉ፣ ወይ እዚያው በነበሩበት ይቀራሉ።

ብር ብቻውን ዋንጫ እንደማያመጣ ደግሞ ቴክሳስ ቴክ አሳይቶናል። በ2025 ሀብታም ደጋፊዎቹ ኪሳቸውን ከፈቱ። ኮንፈረንሱን አሸነፉ፤ በሩብ ፍጻሜው ግን ኦሪገን 23 ለ 0 ሸኛቸው። ፔን ስቴትም ዓመቱን ሁለተኛ ሆኖ ጀመረ። አራት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ በመጣው ዩሲኤልኤ ተረታ፤ አሰልጣኙም ኦክቶበር ላይ ተባረረ።

እሺ፣ ሁሉም ሰላም ነው ማለቴ ግን አይደለም። ከላይ ያሉት ተቀራረቡ እንጂ ከታች ያሉት በጣም ርቀዋል። እዚህ ላይ ወንድማችን እውነቱን ነው። ካም ዋርድ የሚባለው ኳርተርባክ ትልቅ ቡድን ሳያየው ኢንካርኔት ወርድ በምትባል ትንሽ ትምህርት ቤት ጀመረ። ዋሽንግተን ስቴት ወሰደና አሳደገው። ከዚያ ማያሚ ወሰደው። የፕሮፌሽናሉ ሊግ ኤንኤፍኤል በ2025 አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጥ አንደኛ ሆኖ የወጣው በማያሚ ስም ነው። ዋሽንግተን ስቴት የሚቀጥለውን ኳርተርባኩን ጆን ማቲርን ደግሞ ለኦክላሆማ አስረከበ። በየዓመቱ አንድ ጎበዝ ልጅ አውጥቶ ለሌላ መስጠት የዚያን ከተማ ደጋፊ ልብ ይሰብራል። በ2025 ቱሌንና ጄምስ ማዲሰን አሥራ ሁለት ቡድን በሚሳተፍበት ጥሎ ማለፍ ውስጥ ገብተው ነበር። ቱሌን በኦል ሚስ 41 ለ 10፣ ጄምስ ማዲሰን በኦሪገን 51 ለ 34 ተሸነፉ። በራቸው ተከፍቷል፣ ግን ወንበር ገና አላገኙም። ይህን የሚያስተካክል ሕግ እስካሁን አላየሁም። ተጫዋቹን የወሰደ ትምህርት ቤት ላሳደገው የሆነ ነገር ቢከፍል ፍትሐዊ ይመስለኛል፤ በእግር ኳሱ ዓለም ይህ የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ጣዕሙ ልምጣ። እኔን የሚያመኝ ይኼኛው ነው።

የኮሌጅ ፉትቦል ጣዕሙ ጎረቤት ከጎረቤት መጫወቱ ነበር። ከሚሺጋን ጋር የሚደረገው ጨዋታ ሳምንት ሲደርስ ኮለምበስ ብትመጡ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለ ምልክትና ጽሑፍ ላይ የሚሺጋን መነሻ የሆነው «ኤም» ፊደል ሁሉ በቀይ ቴፕ ተሰርዞ ታያላችሁ። ልጆቹ ሌሊት ነው የሚሠሩት። ቴሌቪዥን ያመጣው ነገር አይደለም፣ ማንም አላዘዛቸውም። ከአባትና ከአያት የመጣ ነው። አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ልጁ ሚሺጋን አግብታ መሄዷን ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ ቅሬታው ይሰማ ነበር፤ አማቹን ግን ይወደዋል።

ይህን የሚያፈርሰው የኮንፈረንሶች መበታተን ነው። ምክንያቱም የቴሌቪዥን ውል ነው። በ2022 ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ከሎስ አንጀለስ ተነስተው ኦሃዮ ስቴት ወዳለበት ኮንፈረንስ፣ ወደ ቢግ ቴን፣ እንደሚገቡ አስታወቁ። ኦሪገንና ዋሽንግተን ተከተሉ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው የምዕራብ ጠረፉ ኮንፈረንስ ፓክ 12 በ2024 ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ቀሩበት። በፓስፊክ ዳር ያለው ስታንፎርድ አሁን የአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስ አባል ነው። ኦክላሆማ ወደ ኤስኢሲ ሲሄድ ከኦክላሆማ ስቴት ጋር በየዓመቱ ይጫወተው የነበረው «ቤድላም» በ2023 ቆመ። አንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች ናቸው። በአንድ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት የሚከራከሩበት ጨዋታ ነበር። ተጫዋቾቹ ስለተከፈላቸው አይደለም የቆመው። ለዚህ ተጠያቂዎቹ ውሉን የፈረሙት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ጥፋቱን በሃያ ዓመት ልጅ ላይ መደፍደፍ ልክ አይመስለኝም።

ሁለተኛው የሚጎዳው የቀን መቁጠሪያው ነው። በ2026 ጃንዋሪ የዝውውር መስኮቱ ከ2 እስከ 16 ክፍት ነበር። ፍጻሜው የተደረገው በ19 ነው። ማለትም ቡድኖች ግማሽ ፍጻሜ እየተጫወቱ የሚቀጥለው ዓመት ገበያ ደርቷል። በ2024 የፔን ስቴቱ ተቀያሪ ኳርተርባክ ቦ ፕሪቡላ ከጥሎ ማለፉ በፊት ቡድኑን ለቆ መሄድ ግድ ሆኖበታል። አሰልጣኞቹም ያው ናቸው። ሌን ኪፊን በ2025 ኦል ሚስን ለታሪካዊ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አድርሶ፣ ጨዋታው ሳይጀመር ወደ ኤልኤስዩ ሄደ። ልጆቹ ያለ እሱ ጆርጂያን 39 ለ 34 አሸንፈው ግማሽ ፍጻሜ ደረሱ። የእነሱን ጨዋታ ሳይ እንባዬ መጣ።

ሌላ አንድ ነገር፣ ይህ ግን የሚያከራክር ነው። ኖቬምበር 30፣ 2024 ሚሺጋን ኮለምበስ መጥቶ ኦሃዮ ስቴትን 13 ለ 10 አሸነፈ። ማንም ያልጠበቀው ነበር። ያን ቀን ከጨዋታው በኋላ ሃይ ስትሪት ላይ ስነዳ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ድምፅ አልነበረም። የጫንኳቸው ሦስት ወጣቶች እስከ ቤታቸው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አራት ቡድን ብቻ በሚገባበት በድሮው ሥርዓት ዓመቱ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። አሥራ ሁለት ቡድን መግባት ስለጀመረ ግን ዲሴምበር ላይ ቴኔሲ መጣ፤ ኦሃዮ ስቴት 42 ለ 17 አሸነፈ። ቀጥሎ ኦሪገንን፣ ቴክሳስን፣ በፍጻሜው አትላንታ ላይ ኖተር ዴምን 34 ለ 23 ረታና ዋንጫውን አነሳ። ቀደም ያሉት ደጋፊዎች ይህ የሚሺጋንን ጨዋታ አራክሶታል ይላሉ። ስሜታቸው ይገባኛል። እኔ ግን ከእነሱ ጋር አልስማማም፤ ምክንያቱም የቴኔሲን ሌሊት አይቻለሁ። ብርዱ ከዜሮ በታች ነው። ከቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ከኖክስቪል ድረስ መኪና ነድተው የመጡ ብርቱካናማ የለበሱ ሰዎች ከተማውን ሞልተውታል። የጥሎ ማለፍ ጨዋታ በትምህርት ቤት ግቢ ሲደረግ ያ የመጀመሪያው ዓመት ነበር። ከዚያ በፊት ይህን ለማየት ወደ ሩቅ ከተማ በአውሮፕላን መሄድ ያስፈልግ ነበር። የኔ ሠፈር ሰው ያንን አቅም ከየት ያመጣል?

ደግሞ ያ ዋንጫ እንዴት እንደመጣ አስቡት። ኳርተርባኩ ዊል ሃዋርድ ከካንሳስ ስቴት፣ ኬሌብ ዳውንስ ከአላባማ፣ ኩዊንሾን ጀድኪንስ ከኦል ሚስ የተዛወሩ ናቸው። ቴክሳስ ሊያስተካክል በተቃረበበት ሰዓት ኳሷን ነጥቆ 83 ያርድ የሮጠው ግን ጃክ ሶየር ነው። ፒከሪንግተን ያደገ፣ ከእኛ ከተማ ዳር የወጣ ልጅ። ከሌላ የመጡትና እዚሁ ያደጉት አብረው ነው ያሸነፉት። አንድ ቡድን ውስጥ ሁለቱም ቦታ አላቸው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ተስፋ አትቁረጥ ነው የምልህ። ትልልቆቹን ብቻ እያየህ ከሆነ ግን ቅዳሜ ቀትር ላይ የሚተላለፈውን ትተህ ማታ ዘግይቶ የሚጀምረውን፣ ወይም ማክሰኞና ረቡዕ በኖቬምበር የሚጫወቱትን የኦሃዮና የሚሺጋን ትንንሽ ትምህርት ቤቶች እይ። የማክ ኮንፈረንስ ይባላል። ያኔ የዚሁ ኮንፈረንስ አባል የነበረው ኖርዘርን ኢሊኖይ በሴፕቴምበር 2024 ኖተር ዴምን በገዛ ሜዳው 16 ለ 14 አሸንፎታል። ቲኬቱም ርካሽ ነው፣ ልጆችህን ይዘህ መሄድ ትችላለህ። ለሁለት በሚካፈል ዓመት (እንደ 2024) ደግሞ የሚሺጋን ጨዋታ እዚህ ኮለምበስ ነው። ከመጣህ መኪናህን ከስታዲየሙ ራቅ አድርገህ አቁም፤ ከጨዋታው በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል መውጫ የለም።